ዘመድ ያስገቡ

በሶፋ ሠሪው ቤት ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ «እንደምን አደርክ» አይባባልም። «አጥፋው!» ነው የሚባለው። «አንቺ አጥፊው!» ነው መልሱ። ቀጥሎ ግድግዳው በጫማ ይደበደባል። ጎረቤቱ መንጋቱን የሚያውቀው በዚያ ነበር።

ሶፋ ሠሪው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከሁለት ልጆቹ ጋር ነው የሚኖረው። ሁለቱም አድገዋል፣ ጎጆ የሚወጡበት ዕድሜ ደርሷል፣ ግን አልወጡም። ትልቁ ወንድ ነው። አባትየው «ጣት» ይለዋል፤ ከሰውነቱ ሲሠራ የሚታየው ጣቱ ብቻ ነዋ። ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ በጌም ማሽኑ ኳስ ይጫወታል፣ ዓይናቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር። እሱ ግን ጨዋታ አይለውም፣ «ውድድር» ነው የሚለው። ታናሽየዋ ሴት ናት። ለአባቷ የሶፋ ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ እጇ በመርፌ ወንፊት ሲሆንባት ጊዜ «በቃኝ» አለችና የኮምፒውተር ሥራ አገኘች። ከቤት ሆና ለአንድ ትልቅ የዕቃ መደብር ደንበኞች መልስ መስጠት ነው ሥራዋ። «ያዘዝኩት ፍሪጅ የታለ?» ሲሏት «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ትላለች። በዚያው አፏ ወደ ግድግዳው ዞራ «ጆሮህ ይደንቁር!» ትላለች። አንዲት ደንበኛ ይቺን ሁለተኛይቱን ሰምታ ስልኩን ዘግታባታለች።

ጠቡ የዋይፋይ ነው። ሌላም ጠብ ነበራቸው መቼም፣ ግን ሁሉም ተጠቃሎ እዚያች ሳጥን ውስጥ ገባ። ቤቱ እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅም ነው። ከፊት ሳሎኑ አለ፤ ሳጥኗ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ለብሳ ትቀመጣለች። ቀጥሎ ዕቃ ቤቱ ነው። ሶፋ ሠሪው ከአሮጌ ሶፋ የነቀለውን ሞላ ሁሉ «አንድ ቀን ይፈለጋል» እያለ እዚያ ከምሮታል። የዛገ ሞላ፣ የተጠማዘዘ ሞላ፣ የአልጋ ብረት፣ እስከ ጣሪያ። ከዕቃ ቤቱ ወዲያ የልጆቹ ክፍሎች ናቸው፣ በአንድ ስስ ግድግዳ የተለዩ። ኔቱ ከሳሎን ተነስቶ እነሱ ጋ እስኪደርስ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ነፍሱ ወጥታ ነው የሚደርሰው። በደረሰችው ላይ ደግሞ ሁለቱ እንደ ውሻ ይናከሱባታል።

እሷ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉን ለወጠችው። ወንድሟ በሯን ደብድቦ ጠየቃት።

«ቃሉ ምንድነው?»

«ሥራ ፈት ነኝ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ቃሉን ነው የነገርኩህ። ሥራ ፈት ነኝ ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ፣ ሳትለያይ፣ በትንንሽ ፊደል።»

ጻፈው። ምን ያድርግ፣ ውድድር ነበረበት። በነጋታው እሱ በተራው ለወጠውና «ቆሞ ቀር ነኝ ብለሽ ጻፊ» አላት። እሷም እንባዋን እየጠረገች ጻፈች። ሰው ስድብ ሲሰድቡት ቢያንስ መልስ ይሰጣል፤ ይሄ ግን ስድቡን በገዛ ጣት ካልጻፉት አይከፍትም።

ነገሩ የከረረው የልጅቷ አለቃ ሲጽፍላት ነው። እስካሁን ሙከራ ላይ ናት። ሐሙስ ጠዋት አለቃዋ ራሱ በኮምፒውተሩ ፊቷን እያየ፣ እሷ ደንበኞችን ስታስተናግድ ያዳምጣል። ካለፈች ሥራው የራሷ ነው። አንዴ ከተቋረጠች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይሄን ለአባቷ ነገረችው፣ የሶፋ እግር እየላገ ሳለ።

«ከወደቅኩ ወደ መርፌው አልመለስም፣ አባባ» አለችው። «ቤቱን ጥዬ እሄዳለሁ እንጂ። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም።»

ሶፋ ሠሪው ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሲቆጣ ብቻ ነው ቃል የሚሞላለት። መላጊያውን አስቀመጠና «እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ። ከዚያ በፊት ቃል ገብቶላት አያውቅም፤ እሱም ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ።

ዋይፋዩን ወዳስገባው ድርጅት ደወለ። አንድ ወጣት ባለሙያ አነሳ። ሶፋ ሠሪው ግራ ጆሮው በመዶሻ ብዛት ደክሟል፣ ስልክ የሚይዘው ደግሞ በግራ ነው፣ ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ዕቃ ስለማይለየው። ከኋላ ልጆቹ ይጯጯሃሉ። «አጥፋው!» «አንቺ አጥፊው!»

«አባት፣ ይሰማዎታል?» አለ ባለሙያው። «በአየር ብቻ ለሁለቱ አይበቃም። ዘመድ ያስገቡ።»

«ምን?»

«ዘ-መ-ድ! በሁለቱ ልጆችና በሳሎኑ መሃል ዘመድ መግባት አለበት። ያለዚያ አይስተካከልም።»

ሶፋ ሠሪው ፊቱ ቀላ። ጩኸቱን ሰምቶብኝ ነው አለ በልቡ። የቤቴን ጉድ ሰማ።

«ምን... ምን ዓይነት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ይሁን። ቀጫጫው አይበረክትም፣ ቶሎ ይበጠሳል። እስከ ውስጥ ክፍል ድረስ ይግባ። እዚህም እዚያም አይጠማዘዝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሶፋ ሠሪው ስልኩን እያየ ቆመ። የዛሬ ልጅ ነው፣ ግን እንዴት ያለ አስተዋይ ነው፣ አለ። ዘመዶቹን በሐሳቡ አሰለፋቸው። አንድ የአጎት ልጅ አለው፣ ቀጫጫ፣ ኃይለ ቃል ሲሰማ ኮቱን አንስቶ የሚሄድ። እሱ ይበጠሳል። ወፈር ያለና ጠንካራ፣ እዚህም እዚያም የማይጠማዘዝ ዘመድ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሷን ሲያስብ ስልኩን አስቀመጠ።

ታላቅ እህቱ ናት። በዘመድ መሃል «ጡሩምባ» ነው የሚሏት፣ በፊቷ ግን «እትዬ» ይሏታል። ከወንድሟ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ምክንያቱ ደግሞ ሶፋ ነው። ለልጇ የሠርግ ሽማግሌዎች ሲመጡ የሚቀመጡበት ብላ አዲስ ሶፋ አሠራችው። እንግዶቹ ገቡ፣ እሷ መሃል ላይ ተቀመጠች፣ ገና «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትል ከሥሯ ሞላው ጨርቁን ቀዶ ዘሎ ወጣ። እሷም አብራ ዘለለች። የተገጠመለት ሞላ ከዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ ሞላ ነበር። ከዚያ ወዲህ «የሱን ደጃፍ አልረግጥም» ብላ ቀረች።

ደወለላት። ላቡ በጆሮው ላይ እየወረደ።

«እትዬ... እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«እትዬ?»

«ሞላው ናፈቀኝ ብለህ ነው?»

«አይደለም... የልጅቱ ሥራ ሊበላሽ ነው። በዋይፋዩ። ዘመድ አስገቡ ተብለን ነው።»

«ማነው ያለው?»

«የዋይፋዩ ድርጅት።»

ጡሩምባ ይሄኔ እንደ ስሟ ሆነች። «የፈጣሪ ያለህ! የናንተ ጉድ እዚያ ድረስ ደረሰ? ድርጅት ሳይቀር ሰማ? እናታችን ተነስታ ይሄን ባየች!»

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ወንድሟ ሊስማት ጉንጩን ሲያቀርብ ሻንጣውን አቀረበችለት። ሳሎን ገባች። የተዘጋጀላትን ሶፋ በመዳፏ ተጭና ተጭና ሞከረችው፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው። ሁለቱንም ልጆች አስጠራች።

«አንተ» አለችው ወንዱን፣ «ይሄን ያህል ቁመት ይዘህ በአሻንጉሊት ትጫወታለህ?»

«ውድድር ነው፣ አክስቴ።»

«ውድድር ከሆነ ላብህ የታለ? አንቺስ? ከወንድምሽ ጋር አንድ ጭላንጭል አየር ተካፍሎ መኖር ያቃታት ሴት ከባል ጋር አንድ ብርድ ልብስ ልትካፈል ነው?»

«እኔ ባል ፈልጌያለሁ አልኩሽ?»

«ማን አለሽና ነው የምትፈልጊው!»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «ይቺን ነው ያስተካከልክልኝ?»

ሶፋ ሠሪው ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

እርቁ በዚህ ዓይነት ቀጠለ። ጡሩምባ ስትመክር ሰው ያለቅሳል፣ ስታጽናና ይብስ ያለቅሳል። ቀጥሎ ስልኳን አወጣች። ያገባችው ልጇ ሩቅ ናት፣ በምስል ነው የሚገናኙት። «ዋይፋያችሁን ስጡኝ» አለች።

ሁለቱ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

«ቃሉ ምንድነው? ምን ያንቀራፍፋችኋል?»

«ቆሞ ቀር ነኝ» አለ ወንዱ መሬት መሬት እያየ።

ጡሩምባ ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። ልጁ ይሄን አላሰበም፣ ወይ አስቦም ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ያን ጊዜ የተነሳው ጩኸት እንኳን ጎረቤት፣ ማዶ ያለው ጋራዥ ድረስ ተሰምቶ መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ አይቷል ይባላል። ሆኖም ቃሉን ጻፈችው። እያንዳንዷን ፊደል በስድብ እያጀበች ጻፈችው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኔቱ ጨርሶ ሞተ። ጡሩምባ ሳሎን ሳጥኗ ሥር ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ የልጇን ፊት፣ የልጅ ልጇን ፊት፣ የልጅ ልጇን ድመት ሳይቀር ታያለች። ያቺ ጥቂቷም ሳሎኑ ላይ ተጠጥታ ትቀራለች፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የለም። ወንዱ ውድድሩ መሃል ላይ ቆሞ ቀረበት፣ ተሸነፈ። ልጅቷ አንዱን ደንበኛ «ይቅርታ የኔ ጌታ» ብላ አፏን እንደከፈተች ምስሏ ደረቀ።

«አባባ፣ ዘመድ ያስገባኸው እኛን ልታስታርቅ ነው ልትቀብር?» አለ ወንዱ።

«ዝም በል፣ ጣት!»

ልጅቷ አባቷን መጠበቅ ትታ ራሷ ድርጅቱ ጋ ደወለች፣ ባለሙያውም በአካል መጣ። መሰላል የያዘ፣ ፈገግታው ያላለቀ ወጣት ነው። ሳጥኗን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ አቧራዋን እፍ አለ። «ይሄ ከኋላ አይቀመጥም፣ ከፍ አድርጋችሁ ገላጣ ቦታ ስቀሉት» አለ። የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ ባንድ መንገድ ተጨናንቆ ስለሚሄድ የነሱን ወደ ሌላ ለወጠላቸው። ከዚያ ዕቃ ቤቱን ከፈተና እያፏጨ ቆመ።

«ይሄ ሁሉ ብረት! አባት፣ አየሩ በዚህ መሃል በየት ይለፍ? ለዚህ እኮ ነው በስልክ የነገርኩዎት። ታዲያ የታለ?»

«ምኑ?»

«ያስገቡ ያልኩዎት ነዋ!»

ሶፋ ሠሪው በእጁ ወደ ሶፋው ጠቆመ። ጡሩምባ ስልኳን እንደያዘች ቀና አለች።

ባለሙያው እሷን አየ፣ እሱን አየ። «ማናቸው?»

«እህቴ ናት። ዘመድ ያስገቡ አላልክም? ወፈር ያለ፣ ጠንካራ...»

ባለሙያው መሰላሉን ተደገፈ። «ገመድ!» አለ። «ገ-መ-ድ ነው ያልኩት! ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ የሚያገናኝ ገመድ!»

መጀመሪያ የሳቀው ወንዱ ነው። ሳቁ ደግ ሳቅ አልነበረም፤ ሆዱን ይዞ በግድግዳው ላይ ተንሸራትቶ ወረደ። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ባለሙያው ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አቃተው፣ «ዘመድ ከዘመዱ» ሲል መሰላሉ አብሮት ተንቀጠቀጠ። ሶፋ ሠሪው ጆሮው ድረስ ጋለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያለበት ጊዜ የለም።

ጡሩምባ ቀስ ብላ ተነሳች። «በገመድ ፈንታ ነው የጠራኸኝ?»

«እትዬ፣ ጆሮዬ...»

«ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ሲባል እኔ ታየሁህ?»

ሶፋ ሠሪው ሻንጣዋን ትይዛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች፣ ያውም መሃሉ ላይ። «አልሄድም» አለች። «የዚህን መጨረሻ ሳላይ ንቅንቅ አልልም።»

ባለሙያው ሲወጣ ነገሩን ቅልጭ አድርጎ ነገራቸው። ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተሩ አንድ ገመድ፣ ወደ ጌም ማሽኑ አንድ ገመድ፤ አየሩ ለስልክ ብቻ ይቅር። የቤት ውስጥ ዝርጋታ ግን የድርጅቱ ሥራ አይደለም፣ እናንተ ትዘረጉታላችሁ።

ሶፋ ሠሪው ገዝቶ መጣ። አንድ ብቻ።

«የኔስ?» አለ ወንዱ።

«አንተ በሳቅህ ተገናኝ።»

ሐሙስ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ሶፋ ሠሪው መዘርጋት ጀመረ። ያ የሰውየው እውነተኛ ፊቱ ነው፤ እጁ ሲሠራ ዓይኑ ይበራል። ከሳሎኑ ጥግ ተነስቶ፣ በዕቃ ቤቱ ጠርዝ በምታልፈው መተላለፊያ፣ ገመዱን በሶፋ ስቴፕለሩ እያጣበቀ ሄደ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጨርቅ እንደሚወጥር ወጠረው። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

ወንዱ ከበሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። «አባባ፣ አታጥብቀው። ጨርቅ አይደለም። ውስጡ ፀጉር ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው ያለው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ሥራ የምታውቀው?»

«በክሊፕ ነው የሚያዘው፣ በስቴፕለር...»

«ጣት! ግባ ወደ ጉድጓድህ!»

ገባ። በሩ ጓ አለ።

ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰካ። ልጅቷ ሞከረችው። ሳይንገዳገድ ሄደ፣ ምስሉ ጥርት፣ ድምፁ ጥርት። አባቷን ቀና ብላ አየችው፣ «ጎበዝ» ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። እንደዚህ ያለ ቃል በዚያ ቤት አልተለመደም። ሶፋ ሠሪው ግን የተባለ ያህል ደስ አለው። ደስታው ነው ያሳሳተው። ሐሙስ በማለዳ፣ ሌሎቹ ሳይነሱ፣ ሥራውን ሊያይ ወጣ። በልጅቷ በር ደፍ ላይ ገመዱ ትንሽ ረግቦ አየው። የረገበ ነገር ዓይኑ አይችልም። ስቴፕለሩን አምጥቶ ቀጭ አደረገበት። ደገመውም።

ልጅቷ ጥሩ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከፈተችው። ምንም የለም። ነቅላ ሰካችው። ምንም። አየሩን ሞከረች፤ በዚያ ሞላ ክምር መሃል አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አባባ!» የሚለው ጩኸት ሲመጣ ሶፋ ሠሪው አልጠየቀም፣ አልመረመረም። በቀጥታ የልጁን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«ቆረጥከው!»

ወንዱ አልጋው ላይ ነበር። «ምኑን?»

«የእህትህን ጉሮሮ! ገመድ አልገዛልኝም ብለህ ቆረጥከው!»

«አልነካሁትም። እንኳን ልነካው፣ ማሽኑን እንኳ አጥፍቻለሁ፣ እየው።»

እውነቱን ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከመሰኪያው ተነቅሎ ነበር። አባትየው ግን ያንን አላየም፣ ወይ አይቶ አላመነም። ማሽኑን ከነሽቦው ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ መተላለፊያው ድረስ ወስዶ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሞላው ላይ ወረወረው። ማሽኑ አንዴ ነጠረ፣ ሁለተኛም ነጠረ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ሞላው ግን ከዚያ በኋላም ድምፅ እያሰማ ይወዛወዝ ነበር።

ወንዱ ማሽኑን አየ። አባቱን አየ። ይጮሃል ተብሎ ሲጠበቅ አልጮኸም። ጎንበስ አለና ገመዱን በጣቱ እየዳሰሰ ከሳሎን እስከ ደፉ ተከተለው። ደፉ ላይ ቆመ። ሁለቱ አዳዲስ የስቴፕለር ሽቦዎች ያበራሉ። አንደኛው ከገመዱ ጎን ነው። ሌላኛው መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ገብቷል።

«ማን ሰካው ይሄን?» አለ።

ስቴፕለሩ የሶፋ ሠሪው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከኪሱ አፍ ወጥቶ ለሁሉም ይታያል።

«ስድስት ደቂቃ ነው የቀረኝ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

ወንዱ ለመልስ አልቆየም። ኮምፒውተሯን አቅፎ ወደ ሳሎን ሮጠ። ከክፍሉ አጭር ገመድ አመጣ፣ ከጌም ማሽኑ ጋር የመጣች፣ ተጠቅሞባት የማያውቅ። ጡሩምባን «ተነሺ» አላት። እሷም፣ ይታያችሁ፣ ያለ አንድ ቃል ተነሳች። ኮምፒውተሩን በሳጥኗ ሥር አስቀመጠ፣ ጠቅ አድርጎ ሰካ። በራ።

«ስልክሽን አጥፊ፣ አክስቴ።»

«ልጄ ልትደውልልኝ...»

«አጥፊ!»

አጠፋችው። ከዚያ ጡሩምባ ራሷ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች። አሮጌ ዕቃ ገዢው «ላስቲክ ያለው!» እያለ ሲመጣ በጣቷ ከንፈሯን ይዛ በዓይኗ ብቻ መለሰችው። ጡሩምባ ያለ ድምፅ ሰው ስትመልስ የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ወንዱ ከሳጥኗ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ መብራቷን ሲጠብቅ አረፈደ። ሶፋ ሠሪው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የልጅቷን «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ይሰማ ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል ለሰው እንዲህ ይቀለዋል? ቀኑን ሙሉ ትለዋለች፣ ለማታውቀው ሰው፣ ባላጠፋችው ጥፋት።

አለፈች። አለቃዋ «ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው፣ ቤትሽም ጸጥ ያለ ነው» አላት። ይሄን ስትነግራቸው የሳቀ የለም።

ጡሩምባ ያንኑ ዕለት ሻንጣዋን ያዘች። ወንድሟ ሊሸኛት ሲነሳ «ተቀመጥ» አለችው። «ሰውን ሳትሰማ ትጠራለህ፣ ሳታይ ትፈርዳለህ። ሶፋዬን በአዲስ ሞላ ሳትሠራልኝ እንዳትደውል። ለገመድም ቢሆን።»

ሶፋ ሠሪው ከዚያ ማሽኑን ከሞላው ላይ አነሳ። ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ሲነቀንቁት ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። በልጁ በር ሥር አኖረው። በሩን ሊመታ እጁን አነሳና አወረደ። ምን እንደሚል አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ጋሪ ጠርቶ ሞላውን ሁሉ አስወጣ፣ የዛገውን፣ የተጠማዘዘውን፣ የአልጋውን ብረት። አንድ ቀን ይፈለጋል ያለው ሁሉ ሄደ። ዕቃ ቤቱ ባዶውን ሲቀር ሲናገሩበት ያስተጋባል። ሁለት አዲስ ገመድና አንድ ከረጢት ክሊፕ ገዛ። ሊዘረጋ ሲጎነበስ የልጁ በር ተከፈተ።

«ተወው። እኔ እዘረጋዋለሁ።»

«ልያዝልህ?»

«ስቴፕለሩን ብቻ አርቅልኝ።»

ልጁ ዘረጋ፣ ወደ እህቱም ወደ ራሱም። ማሽኑን ሰካ፤ እየተንኳኳም ቢሆን ሠራ። በሩ ተዘጋ። ግድግዳው በጫማ አልተደበደበም፣ ግን «እንደምን አደርክ» የሚልም አልተገኘ።

ከዚያ የሶፋ ሠሪው ስልክ ዋይፋይ እምቢ አለው። ለደንበኛ የሶፋ ፎቶ መላክ ነበረበት። ወደ ልጅቷ ሄደ።

«ተለውጧል እንዴ?»

«እሱ ለውጦታል።»

«ቃሉ ምንድነው?»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች። «ሳትለያይ። በትንንሽ ፊደል።»

ሶፋ ሠሪው ስልኩን ዘረጋላት። «ጻፊልኝ። ዓይኔ አያይልኝም።»

«አይሆንም፣ አባባ። ራስህ ጻፈው።»

መተላለፊያው ላይ ቆመ፣ በልጁ በር ፊት። ጣቱ ወፍራም ነው፣ አንዷን ፊደል ሲነካ ሁለት ይነካል። ጻፈ፣ ተሳሳተ። አጠፋ። እንደገና ጻፈ። ፊደል ሲጽፍ አብሮ በአፉ ማለት ልማዱ ነው፣ ካላለው አይመጣለትም።

«እኔ... ነኝ...» አለ። ቀጣዩን ፊደል በጣቱ ፈለገ። «የ... ቆረጥኩት።»

ከበሩ ወዲያ የጌሙ ድምፅ ቆመ። ተመልሶ እስኪጀምር ድረስ ሶፋ ሠሪው እዚያው ቆሞ ጠበቀ። ስልኩ ተገናኘ።